ጓጉንቸር ወይስ ታግ? የሎክአውት ታግአውት ሥርዓት ስትዘረጉ የቱን ከየቱ ትመርጣላችሁ

እጄን ያወጣሁት 17 ቁጥር መፍቻ ለማንሳት ነበር። የኮንቬየሩ የኋላ ሮለር ቤሪንግ ተበልቶ እየቀየርኩ ነው። ብሬከሩን ራሴ አውርጄዋለሁ። «እየተሠራ ነው፣ አታብሩ» የሚል ታግም (የማስጠንቀቂያ ካርድ) አንጠልጥያለሁ። መፍቻዋን ከመሬት ሳነሳ ቤልቱ ድንገት ሄደ። አንድ ክንድ ያህል ተጉዞ፣ ጩኸቴ ተሰምቶ ቆመ። ፓኔሉ ጋ ስደርስ ታጉ መሬት ላይ በፊቱ ተደፍቷል። ያሰርኩበት ሲባጎ ተበጥሷል። ፈረቃውን የተረከበው ኦፕሬተር ብሬከሩ ወርዶ ሲያይ «ትሪፕ አድርጎ ነው፣ በራሱ ወርዷል» ብሎ መለሰው። ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም። ከፊቱ የሚከለክለው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ማሽን ደህንነት ሲወራ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እጄ ማሽኑ ውስጥ እያለ መልሶ ሊያስነሳው የሚችለው ማን ነው? መልሱ «እኔ ብቻ» ካልሆነ ሥርዓቱ ገና አልተዘረጋም ማለት ነው።

ሎክአውት ታግአውት የሚባለው ይኸው ነው። ማሽን ሲጠገን፣ ሲጸዳ ወይም ሲስተካከል ኃይሉን ከምንጩ መቁረጥ። የተቆረጠበትን ቦታ በጓጉንቸር መዝጋት። ማን እንደዘጋው በታግ ማሳወቅ። ታፍኖ የቀረውን ኃይል ማስወጣት። ከዚያ በእርግጥ መሞቱን መፈተሽ። ሲነገር አጭር ነው። ጣጣው የሚመጣው ምርጫው ላይ ነው። የትኛው ጓጉንቸር? ስንት ቁልፍ? ለቡድን ሥራ ምን ይሁን? ወረቀቱ አንድ ይሁን ብዙ? እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ማቆም ሌላ፣ መቁረጥ ሌላ

ከምርጫው በፊት አንድ ምርጫ የሌለው ነገር አለ። «ቀዩን በተን ተጭኜዋለሁ፣ ግባ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትግቡ። የድንገተኛ ማቆሚያው፣ የስቶፕ በተኑ፣ የበሩ ሴንሰር የሚያዙት የመቆጣጠሪያውን መስመር ብቻ ነው። ዋናው ኃይል ኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) አፍ ላይ ደርሶ እየጠበቀ ነው። ኮንታክተር ሊጣበቅ ይችላል። የተላጠ ሽቦ ሊነካካ ይችላል። ማሽኑን ለሚያዘው ኮምፒውተር፣ ለፒኤልሲው፣ ከሌላ ክፍል ትእዛዝ ሊመጣለት ይችላል።

የኃይል መቁረጫ የምንለው ኃይሉን በአካል የሚለየውን ነው። ለኤሌክትሪክ ብሬከር ወይም ዲስኮኔክት ስዊች ነው። ለአየር፣ ለእንፋሎት ወይም ለፈሳሽ የመስመሩ ቫልቭ ነው። ጓጉንቸር የሚገባው እነዚህ ላይ ብቻ ነው።

ጓጉንቸር ወይስ ታግ

ታግ ይናገራል እንጂ አይከለክልም። ጓጉንቸር ደግሞ ይከለክላል፣ ግን ማን እንደዘጋውና ለምን እንደዘጋው አይናገርም። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ሁለቱም ነው። ጥያቄው የሚነሳው በታግ ብቻ መሥራት ይቻላል ወይ የሚለው ላይ ነው።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር፣ በአጭሩ ኦሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ደንብ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። የደንቡ ቁጥር 1910.147 ነው፤ ብዙ አገር ያሉ ፋብሪካዎች የውስጥ መመሪያቸውን ሲጽፉ እሱን ያያሉ። መቁረጫው ጓጉንቸር የሚቀበል ከሆነ መነሻው መዝጋት ነው። በታግ ብቻ ልሥራ የሚል አሠሪ ታጉ የጓጉንቸር ያህል እንደሚጠብቅ ማሳየት አለበት። ይህን ማሳየት ደግሞ ቀላል አይደለም። ኦሻ ደንቡ ሲከበር በዓመት ወደ 120 ሞትና 50,000 ጉዳት ማስቀረት ይቻላል ብሎ ይገምታል። ቁጥሩን ሳየው ያቺ የተበጠሰች ሲባጎ ትዝ ትለኛለች።

ስለ ሲባጎ ካነሳን፣ ደንቡ ለታግ ማሰሪያ እንኳ መለኪያ አለው። በእጅ የሚታሰር፣ ራሱን የሚቆልፍ፣ ዳግም የማይሠራ መሆን አለበት። ቢያንስ 50 ፓውንድ፣ ወደ 22 ኪሎ ተኩል የሚሆን ጉልበት ሳይለቅ መቋቋም አለበት። ናይለን ኬብል ታይ (ጥርስ ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያ) ይህን ይወጣል። ሲባጎ፣ ላስቲክ፣ ስኮች አይወጡም። ታጉ ራሱም ዘይት ሲነካው፣ ውሃ ሲረጭበት ጽሑፉ መጥፋት የለበትም። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ ካለ ደግሞ ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይጠቅመውም። ምልክትና ቀለም ይኑረው፣ ሰውየውም ትርጉሙን ይሠልጥን።

ታግ ብቻውን የሚሠራበት ቦታ ግን አለ። የድሮ ፓኔል ሆኖ መቁረጫው ምንም ዓይነት ጓጉንቸር የማይቀበል ከሆነ ማለት ነው። ያኔ ታጉ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ጨምሩበት። ፊውዙን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። የቫልቩን እጀታ ፍቱና ይዛችሁት ሂዱ። ከመስመሩ በላይ በኩል ያለውን ሁለተኛ መቁረጫም አውርዱ። እነዚህ ሁሉ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ማስነሻውን መልሰው እናንተ እጅ ላይ ያስቀምጡታል።

ግን «አይዘጋም» ከማለታችሁ በፊት በደንብ እዩ። ብሬከሩ ላይ ቀዳዳ ስለሌለ ብቻ አይዘጋም ብለው የሚተዉ ብዙ ናቸው። ምላሱ ላይ በብሎን የሚጠብቅ ትንሽ ክላምፕ አለ፤ እሱ ላይ ጓጉንቸር ይገባል። ለክብ እጀታ ቫልቭ እጀታውን ሙሉ የሚሸፍን ክዳን አለ። ለቦል ቫልቭ እጀታውን ጨምቆ የሚይዝ አለ። ቅርጹ ለማይመች ሁሉ ደግሞ የኬብል መዝጊያ አለ፤ ሽቦውን እያዞራችሁ ታጠብቁታላችሁ። ማሽኑን ሳትፈቱ፣ መቁረጫውን ሳትቀይሩ መዝጋት ከተቻለ «ይዘጋል» ነው የሚባለው።

አዲስ ማሽን ስትገዙ ወይም አሮጌውን በሰፊው ስታድሱ፣ መቁረጫዎቹ ጓጉንቸር እንዲቀበሉ የግዥ ሰነዱ ላይ አስገቡት። የአሜሪካው ደንብ እ.ኤ.አ. ከጥር 2 ቀን 1990 ወዲህ ይህን ግዴታ አድርጎታል። በግዥ ጊዜ አንድ መስመር መጻፍ፣ ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ፓኔል ከመቀየር እጅግ ይቀላል።

ስፒና ያላቸው ትንንሽ ማሽኖችስ? የማሽኑ ኃይል በስፒናው ብቻ የሚገባ ከሆነ፣ ነቅላችሁት ሥራው እስኪያልቅ ከእናንተ ሳይለይ ከቆየ ጓጉንቸር አያስፈልግም። «ሳይለይ» የሚለውን አጥብቄ ነው የምለው። ወደ ማሽኑ ጀርባ ዞራችሁ ስፒናው ከዓይናችሁ ከጠፋ፣ ስፒናውን ውስጡ አስገብቶ የሚዘጋ ሳጥን አለ፤ እሱን ተጠቀሙ።

ምን ዓይነት ጓጉንቸር፣ ስንት ቁልፍ

ከመጋዘን የመጣ ተራ ጓጉንቸር ሲዘጋ ይዘጋል። ችግሩ መቆለፊያ ሣጥን ላይም፣ በር ላይም፣ ፓኔል ላይም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ አይቶ «ይሄ የማን ነው?» ይላል፣ መልስ ሲያጣ ይሰብረዋል። ለሎክአውት የሚውለው ጓጉንቸር ከሩቁ መታወቅ አለበት። አንድ ቀለም ወይም አንድ ቅርጽ ምረጡለት፣ ለሌላ ምንም ነገር አታውሉት። የባለቤቱ ስም ይኑርበት። ቀይ ጓጉንቸር ያየ ሁሉ «እዚህ ሰው አለ» ብሎ እንዲያስብ ነው የምንፈልገው። አንድ ሰው ልብሱን የሚያስቀምጥበትን ሣጥን በቀይ ጓጉንቸር ከዘጋ ያ ትርጉም ተበላሸ።

ስለ አካሉ ብዙ አልጨነቅም። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ፓኔል ውስጥ ለሚሠራ ሰው የመቆለፊያው ቀለበትም ናይለን ቢሆን እመርጣለሁ፤ ብረቱ የተላጠ መስመር ሊነካ ይችላል። ደጅ ላይ ወይም እየተመታ በሚውልበት ቦታ አሉሚኒየም ወይም ብረት ይሻላል። ኬሚካል በሚረጭበት ቦታ ሻጩን ቁሱ ይቋቋም እንደሆነ ጠይቁ።

ቁልፉ ላይ ግን ልቆይ፤ ሥርዓቱ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ሦስት አማራጭ ይቀርብላችኋል።

የመጀመሪያው እያንዳንዱ ጓጉንቸር የራሱ ቁልፍ ያለው ነው። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሰው። የዚያችን ጥያቄ መልስ «እኔ ብቻ» የሚያደርገው በቀጥታ ይሄ ነው። ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ሁለተኛው በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ የጓጉንቸሮች ስብስብ ነው። አንድ ቴክኒሻን ስድስት ቦታ የሚዘጋበት ማሽን ካለው ስድስት ቁልፍ ይዞ ከሚዞር ይኼ ይሻለዋል። ስብስቡ የአንድ ሰው ብቻ እስከሆነ ድረስ ምንም አይደለም። ጉዱ የሚፈላው «የጥገና ክፍሉ ስብስብ» ሲሆን ነው። ያኔ እኔ የዘጋሁትን ጓደኛዬ በራሱ ቁልፍ ይከፍተዋል። ክፋት አስቦ አይደለም፤ የራሱን የሚከፍት መስሎት ነው። አምስት ቴክኒሻን ካላችሁ አምስት የተለያዩ ስብስቦች ግዙ።

ሦስተኛው ማስተር ቁልፍ ያለው ነው። ሻጮች ይወዱታል፣ ሥራ አስኪያጆችም ይወዱታል። እኔ አልወደውም። ማስተር ቁልፍ ያለበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለጥያቄዬ ሁልጊዜ ሁለት መልስ አለ። እኔ እና ቢሮ ያለው ሰውዬ። የግድ ከሆነ በታሸገ ሣጥን ይቀመጥ፣ ሲወጣ ማን ለምን እንዳወጣው ይመዝገብ፣ ከዚህ በታች የምናየውን አካሄድ ሳይከተል አይነካ።

ሃስፕ ወይስ የቡድን ሣጥን

አንድ ማሽን ላይ ሁለት ሦስት ሰው ሲሠራ ሃስፕ ይበቃል። ሃስፕ እንደ መቆንጠጫ ያለ ብረት ነው፤ ብሬከሩ ላይ ይገባና ብዙ ጓጉንቸር የሚገባበት ቀዳዳ ይሰጣችኋል። ብዙዎቹ ስድስት ቀዳዳ አላቸው። እያንዳንዱ የራሱን ያስገባል። የመጨረሻው ጓጉንቸር እስኪወጣ መንጋጋው አይከፈትም።

ሥራው ሲሰፋ ግን ሃስፕ ያስቸግራል። ማሽኑ አምስት ቦታ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ስምንት ነው እንበል። ሁሉም ሁሉንም ይዝጋ ካልን 40 ጓጉንቸር ያስፈልጋል። አንዱ አንድ ቫልቭ መዝለሉ አይቀርም። ለዚህ የቡድን ሣጥን ይሻላል። ኃላፊው አምስቱን ቦታ በአምስት ጓጉንቸር ይዘጋል። አምስቱን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ይጥላል፣ ክዳኑን ይከድናል። ስምንቱ ሰዎች ክዳኑ ላይ የየራሳቸውን ጓጉንቸር ያደርጋሉ፤ ኃላፊውም የራሱን ይጨምራል። 14 ጓጉንቸር ብቻ። ስምንተኛው ሰው መታጠቢያ ቤት ቢሄድም ጓጉንቸሩ ክዳኑ ላይ ነው፣ ቁልፎቹ አይወጡም፣ ማሽኑ አይነሳም።

ሣጥኑ ላይ ግን አንድ ልማድ እንዳይገባባችሁ አደራ። «ፎርማኑ ዘግቶልናል» የሚል ልማድ። ፎርማን ሰው ስንት እንደገባ ይረሳል፣ ስልክ ይደወልለታል፣ በአለቃ ይጠራል። ገብቶ የሚሠራ ሁሉ የራሱን ጓጉንቸር ራሱ ያድርግ። ለሁለት ደቂቃ የገባ ኢንጂነርም፣ ከውጭ የመጣ ኮንትራክተርም። ኮንትራክተሩ የራሱ አሠራር ካለው ሥራ ሳይጀመር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የእሱ ታግ ለእናንተ ሰው፣ የእናንተም ለእሱ ሰው ምን እንደሚል ይታወቅ።

ፈረቃ ሲቀየር የሚመጣው ጓጉንቸሩን ያስገባል፣ ከዚያ የሚሄደው ያወጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በመሃል ማሽኑ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

አንድ አጠቃላይ ወረቀት ወይስ ለየማሽኑ

አጠቃላዩ ወረቀት በአንድ ቀን ይጻፋል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ «ሁሉንም የኃይል ምንጮች ዝጉ» ይላል። ጥሩ ነው። ግን የትኞቹን? ሃይድሮሊክ ፕሬስ ላይ አዲስ የገባ ልጅ ዋናውን ብሬከር ዘግቶ ጨረስኩ ይላል። ከላይ ተነስቶ የቆመው ራም (የሚጫነው ከባድ ብረት) በራሱ ክብደት ሊወርድ እንደሚችል ማን ነገረው? አኩሙሌተሩ (የግፊት ማጠራቀሚያው) ውስጥ የታመቀው ዘይት ፓምፑ ቢቆምም ግፊቱን ይዞ እንደሚቆይስ?

ለፕሬሱ የሚጻፈው ወረቀት ይህን ይመስላል። ራሙን እስከ ታች አውርድ፤ የማይወርድ ከሆነ የደህንነት ድጋፉን ከሥሩ አስገባ። በተኑን አጥፋ። ፓኔሉ ላይ ያለውን ዋና መቁረጫ አውርድ፣ ዝጋ፣ ታግ አድርግ። ከኋላ ግራ በኩል ያለውን የአየር ቫልቭ ዝጋ፣ ጓጉንቸር አስገባ። የአኩሙሌተሩን ማስለቀቂያ ክፈት፣ ጌጁ ዜሮ እስኪል ጠብቅ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የመቁረጫው ፎቶ አለ። ቁጥሩም ብረቱ ላይ ተለጥፏል።

የአየር መስመሩ ላይ ትንሽ ልጨምር። ቫልቭ ስትዘጉ ከቫልቩ ወዲህ ያለው አየር ታፍኖ ይቀራል። ቱቦውን ስትነቅሉ ወይም የተያዘውን ነገር ስታስለቅቁ በአየር የሚገፋው ሲሊንደር ይተኮሳል። ስለዚህ ተራ ቦል ቫልቭና ሲዘጋ አየሩን በጎን የሚያስወጣ ቫልቭ ከቀረበላችሁ ሁለተኛውን ያዙ። ጓጉንቸር የሚቀበልም አለው። የዋጋ ልዩነቱን አልቆጥረውም።

የኔ ምርጫ ለየማሽኑ ነው። ደንቡም በመርህ የሚጠይቀው ይህን ነው። ኃይላቸውና መቁረጫቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ማሽኖች አንድ ወረቀት ሊጋሩ ይችላሉ። አንድ የኃይል ምንጭ ብቻ ያለው፣ ኃይል አምቆ የማይዝ፣ በአንድ ጓጉንቸር የሚያልቅ ማሽንም በአጠቃላዩ አሠራር ሊሄድ ይችላል፤ ለዚህ ደንቡ የዘረዘራቸውን ሁኔታዎች በሙሉ እስካሟላ ድረስ። የቀረው ሁሉ የራሱ ወረቀት ይገባዋል። ወረቀቱን ደግሞ ቢሮ ውስጥ ብቻችሁን አትጻፉት። ማሽኑን አሥር ዓመት ያስነሳውን ኦፕሬተር አጠገባችሁ አቁሙት።

በተን መሞከር ወይስ በሜትር መለካት

ከዘጋችሁ በኋላ ሰው መራቁን አይታችሁ የስታርት በተኑን ተጫኑ። ካልተነሳ ወደ ኦፍ መልሱት። ይሄ ለሜካኒካል ሥራ ግድ ነው። ግን ማሽን አለመነሳት የሚችለው በሌላ ምክንያትም ነው። የበር ሴንሰር ይዞት ይሆናል። የተሳሳተ ብሬከር ዘግታችሁ፣ ማሽኑ በሌላ ብልሽት ቆሞም ይሆናል።

የኤሌክትሪክ ክፍል ለምትነኩ ሜትሩ ግድ ነው። መጀመሪያ ሜትሩን ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ፈትኑት። ከዚያ የምትሠሩበትን ለኩ፦ ፌዝ ከፌዝ፣ ፌዝ ከመሬት። ከዚያ ሜትሩን እንደገና ያንኑ የሚታወቅ ቦታ ላይ ፈትኑት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በመሃል የተበላሸ ሜትር ግን ሁሉንም ነገር ዜሮ ነው ይላችኋል። ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካለ ብሬከሩ ወርዶም ካፓሲተሩ ኃይል ይይዛል። ክዳኑ ላይ ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንዳለባችሁ ተጽፏል። ጠብቁ፣ ከዚያም ለኩ።

ባለቤቱ የሄደ ጓጉንቸር

ሰውየው ረስቶ ወደ ቤቱ ሄዷል፣ ማሽኑ ተዘግቷል፣ ምርት ቆሟል። ቦልት ከተር ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። መሠረታዊው ሕግ ያስገባው ራሱ ያወጣዋል ነው። እሱ ከሌለ ሦስት ነገር ይሟላ። በእርግጥ ግቢ ውስጥ አለመኖሩ ይጣራ። እሱን ለማግኘት የሚቻለው ሁሉ ይሞከር። ተመልሶ ሥራ ሳይጀምር ጓጉንቸሩ መነሳቱን ይወቅ። ይህን የሚፈቅድ ኃላፊ በስም ይታወቅ፣ ፊርማም ይኑር። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ አንድ ሰው ውስጡን በዓይኑ ይይ።

ሥልጠናው ለሁሉም እኩል አይደለም። የሚዘጋው ሰው እያንዳንዱን የኃይል ዓይነትና አዘጋጉን ማወቅ አለበት። ኦፕሬተሩ ለምን እንደተዘጋና እንዳይነካ። በዚያ የሚያልፈው ጽዳት ሠራተኛም ቀይ ጓጉንቸር ምን ማለት እንደሆነ። በዓመት ቢያንስ አንዴ እያንዳንዱ አሠራር ይፈተሽ፤ ፈታሹ አሠራሩን ከሚጠቀመው ሰው ሌላ ይሁን። ቆሞ ሲዘጋ ማየት እንጂ ፋይል ማገላበጥ አይደለም።

ኪት ገዝቶ መጀመር ወይስ ቆጥሮ መጀመር

የተዘጋጀ ኪት ቦርሳ ያምራል። ግን ውስጡ ካለው ግማሹ ከእናንተ ቫልቭና ብሬከር ላይ ላይገባ ይችላል። ቆጥሮ መጀመር ይሻላል። አንድ ኤሌክትሪሺያን፣ አንድ መካኒክ፣ አንድ ኦፕሬተር ሆናችሁ ደብተር ይዛችሁ ወለሉን ዙሩ። መጀመሪያ በሳምንት ብዙ ጊዜ እጅ የሚገባበት ማሽን ጋ ቁሙ። ኃይል የሚገባበትን ሁሉ ጻፉ፣ የመቁረጫውን ዓይነትና መጠን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ጓጉንቸር ይቀበል አይቀበል ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ዙሩ ሲያልቅ ስንት ክላምፕ፣ ስንት የቫልቭ መዝጊያ፣ ስንት ሃስፕ እንደምትፈልጉ ደብተሩ ይነግራችኋል። ለእያንዳንዱ ቴክኒሻን ስሙ ያለበት ጓጉንቸር ግን ዙሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ እሱን ዛሬ ስጡት።